በሁለት በሮች የተደረገ ጉብኝት፦ ከእንጦጦ እስከ ሰገሌ ሜዳ

ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንጦጦ አየር ለመቀበል የሚወጣበት ጋራ፣ ሰንዳፋ ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃን ሲኬድ በመስኮት ታይቶ የሚታለፍ ከተማ ነው። እኔም ሁለቱን ቦታዎች ለብዙ ዓመታት የማውቃቸው በዚሁ መልክ ነበር። በቅርቡ ግን አንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት በከተማዋ ዳርቻ በመንገድ ዳር የሚገኙ የታሪክ ምልክቶችንና ምልክቶቹ የሚያስታውሷቸውን ቦታዎች በአንድ ቀን የሚያሳይ ጉዞ ማዘጋጀቱን ሰምቼ ከታላቅ እኅቴ ጋር ተመዘገብሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ቅዳሜ ጉዞ ግምገማ ነው። የድርጅቱን ስም የማላነሣው ቅሬታዬን በዕለቱ ለአስተባባሪው ፊት ለፊት ስለነገርሁት ነው።

ክፍያው ለአንድ ሰው 2,800 ብር ሲሆን መጓጓዣን፣ ምሳን፣ የታሸገ ውሃንና የሙዚየም መግቢያን ይጨምራል። የተሳፈርንበት ኮስተር ንጹሕ ነበር፤ ወንበሮቹም አልላሉም። ነገር ግን ከአራት ኪሎ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እንነሣለን ከተባለ በኋላ ሁለት ተጓዦችን ስንጠብቅ 1 ሰዓት ከ45 ሆነ። ጠዋት የባከነው ሦስት ሩብ ሰዓት ማታ ላይ ምን እንዳሳጣን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የጉዞው ሐሳብ ራሱ የሚመሰገን ነው። የአራዳው የምኒልክ ሐውልትም ሆነ የስድስት ኪሎው የሰማዕታት ሐውልት በበዓል ቀን አበባ የሚቀመጥላቸው፣ ተማሪም በሰልፍ የሚጎበኛቸው በመሆናቸው ብዙ አስተዋዋቂ አያስፈልጋቸውም። ከመሐል ከተማ ወጣ ሲባል ግን ታሪኩ አንዴ በመንገድ ዳር ታፔላ፣ አንዴ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ላይ በተለጠፈ የዕብነ በረድ ሰሌዳ፣ አንዳንዴም ምንም ባልተጻፈበት ሜዳ ላይ ተበትኖ ይገኛል። የተበተነውን የሚያያይዝ ሰው ከሌለ ደግሞ መንገደኛው የሚያነበው ስምና ማዕርግ ብቻ ይሆናል። አስጎብኚያችን ወጣት ሴት ነበረች፤ ገና ሽሮ ሜዳን ሳናልፍ፣ «ዛሬ የምናየው ሠራዊት ወደ አዲስ አበባ የገባባቸውን ወይም ልግባ ብሎ ያልተሳካለትን በሮች ነው» ብላ ጀመረች። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ቀኑን ሙሉ ያየነውን ሁሉ እንደ ክር ይዛልን ዋለች።

መጀመሪያ የወረድነው እንጦጦ ማርያም ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ሲሆን ቀብተው ያነገሧቸውም አቡነ ማቴዎስ ናቸው። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት በመጋቢት 1881፣ የውጫሌ ውል የተፈረመው ደግሞ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 መሆኑን ያስታወሰ ሰው በውሉና በዘውዱ መካከል ልክ ስድስት ወርና አንዲት ጳጉሜን እንዳለች ያስተውላል። ዓድዋ ላይ ጦርነት ያስነሣውን ውል የተፈራረሙት ምኒልክ፣ የዮሐንስን ዙፋን የያዙ ቢሆንም ገና በቅብዐት ያልጸኑ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ ማለት ነው። አስጎብኚዋ ይህን ስትናገር ከበስተኋላዬ አንድ ወጣት ተጓዥ በስልኩ ላይ ቀኖቹን ሲቆጥር አይቼዋለሁ።

ከድርጅቱ የታደለን ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ግን የዘውዱን ዓመት «1889» ይለዋል። አብረውን የነበሩ አንድ ጡረተኛ አዛውንት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ካነበቡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይሄ 1889 በማን አቆጣጠር ነው?» ብለው ጠየቁ። እርሷም፣ «በፈረንጆቹ ነው አባባ። ለጻፉት ሰዎች ነግሬያቸው ነበር» ብላ አንገቷን ደፋች። ጥያቄው የሚያስቅ ቢመስልም ቀላል አልነበረም። በአማርኛ በተጻፈ ወረቀት ላይ «እ.ኤ.አ.» ሳይባል 1889 የተባለ እንደሆነ አንባቢው የሚረዳው በራሱ አቆጣጠር ነው፤ በዚያ ስሌት ምኒልክ ዘውድ የጫኑት የካቲት 23 ቀን 1888 ከተገኘው የዓድዋ ድል በኋላ ይሆናል። ይባስ ብሎ በዚያው ገጽ ላይ የአዲስ አበባ ምሥረታ 1879 ተብሎ በእኛው ዘመን ተጽፏል። ሦስት ዓመት ብቻ የሚራራቁትን ሁለቱን ነገሮች ወረቀቱ በዐሥር ዓመት አራርቋቸዋል። ይህ ስሕተት በአንድ ድርጅት ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በሁለትና በሦስት ቋንቋ በሚጻፉ ሰሌዳዎች ላይ ቋንቋው ተተርጉሞ ዘመኑ ሳይለወጥ ሲቀር ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። በሰሌዳ ላይ ያለ ስሕተት ግን ለዓመታት የሚቆም ነው፤ ወረቀት በሚቀጥለው ሳምንት ሊታተም ይችላል።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው ሙዚየምና በእንጨትና በጭቃ የተሠራው የምኒልክ ቤተ መንግሥት አንድ ሰዓት ወሰዱብን፤ ጊዜው የባከነ አልመሰለኝም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በዚህ ጋራ ላይ መክተም ለጦር ሰፈር ይመቻል፤ የሚመጣውን ጠላት ከሩቅ ያሳያል፣ ዳገቱም በራሱ ምሽግ ነው። ለኑሮ ግን ብርዱና ነፋሱ አያስቀምጡም፤ ማገዶም ስንቅም በዚያ ዳገት መውጣት አለበት። እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃው አካባቢ ቤት አሠርተው በ1879 አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡላት፣ ሠራዊቱና መኳንንቱም ቀስ በቀስ ወደ ታች የወረዱት በዚህ ምክንያት ነው። አስጎብኚዋ ይህን የነገረችን በቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ላይ ነፋሱ ነጠላዋን እየገፈፋት ስለነበር ማስረጃ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ከጉዞው ሁሉ እጅግ የወደድሁትን ላንሣ። አስጎብኚዋ ከማንኛውም ሰሌዳ አስቀድማ ያሳየችን ባሕር ዛፉን ነው። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ ስላለቀ፣ ምኒልክ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ቦታ አዲስ ዓለም የሚሏትን ሌላ መናገሻ ማሠራት ጀምረው ነበር። በ1880ዎቹ ከባሕር ማዶ የመጣው ይህ ፈጥኖ አዳጊ ዛፍ የማገዶውን ችግር ሲያቃልለው መናገሻው ሳይዛወር ቀረ፤ አዲስ ዓለም ላይ ለቤተ መንግሥት ታስቦ የተሠራውም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ማንም ያልጻፈበት፣ እያንዳንዳችን በየቀኑ የምናየው ዛፍ ከተማዋ ባለችበት እንድትቀር ያደረገ መሆኑን በዚያ ነፋስ መካከል ቆሞ መስማት ከአንድ ገጽ ጽሑፍ ይበልጣል። ይህን እየሰማን ሳለን የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል መጡ፤ ኮስተሩ የእግረኛውን መተላለፊያ ዘግቶ ስለቆመ ሸክማቸውን እንደያዙ አስፋልቱ ላይ ለመውጣት ተገደዱ። ሾፌሩ ቦታውን እስኪለውጥ ድረስ እኅቴ ይቅርታ ስትጠይቅ ነበር። ስለ ማገዶ ታሪክ የሚያስተምር ድርጅት ማገዶ ተሸካሚዋን መንገድ ሊዘጋባት አይገባም ነበር።

ከዚያም አስጎብኚዋ ለከተማዋ ጀርባችንን ሰጥተን ወደ ሱሉልታ አቅጣጫ እንድንዞር አደረገች። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ የተመለሱት በዚህ በኩል፣ ከጎጃም ተነሥተው በፍቼ አድርገው የእንጦጦን ጋራ ተሻግረው ነው። በእንግሊዞች የሚመራው ጦር ከተማዋን የያዘው መጋቢት 28 ቀን ስለነበር ንጉሡ ወደ ገዛ መናገሻቸው ለመግባት አንድ ወር ያህል መቆየት ነበረባቸው፤ የእንግሊዝ አዛዦች በከተማው የቀሩት ጣልያኖች ላይ አደጋ ይደርሳል ብለው ሰግተው ነበርና። በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው የተቀበሏቸውም በራስ አበበ አረጋይ የሚመሩት፣ ጸጉራቸው የጎፈረ የሸዋ አርበኞች ነበሩ።

ይኸው የሰሜን በር ከዚያ በፊት ያልተሳካ ታሪክም አለው፤ አስጎብኚዋ እሱንም አልዘለለችውም። በሐምሌ 1928፣ ጣልያን ከተማዋን በያዘ በሦስተኛው ወር፣ የደጃዝማች አበራ ካሣ ሰዎች ከሰሜን፣ ሌሎች አርበኞች ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ዘመቱ። የክረምቱ ዝናብ ወንዞቹን ሞልቶ፣ መልእክተኛ ከመልእክተኛ ሳይገናኝ፣ ጥቃቱ ከሸፈ። ከእነርሱ ጋር የመጡት አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን በጥይት ተገደሉ። በነገራችን ላይ የእኒህ አባት ሐውልት በ2005 ለቀላል ባቡር ግንባታ ተነሥቶ በ2008 ወደ ቦታው ተመልሷል። ሐውልት ሲነሣ ሰው ሁሉ ያያል፣ ይናገራልም፤ ከዳር አገር አንድ ታፔላ ቢወድቅ ግን ማን እንደሚያነሣው እንጃ።

ከእንጦጦ ወርደን በመገናኛና በኮተቤ፣ በካራ አድርገን ወደ ሁለተኛው በር አመራን። በዚህ መስመር ላይ ስለ መንገድ ዳር ጽሑፍ የምለው አንድ ነገር አለኝ። ታፔላዎቹ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ስሞቹን ይጽፋሉ፤ ስሞቹ ራሳቸው የሚናገሩትን ግን የሚያስረዳ የለም። «ለገ» ወንዝ ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ለገጣፎንም ለገዳዲንም እንደ ባዶ ድምፅ ያልፋቸዋል። «ዳዲ» ጠጅ ነው፤ ለገዳዲ እንግዲህ የጠጅ ወንዝ መሆኑ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከቧንቧው ከሚጠጣው ውሃ ከፊሉ ከዚያ ካለው ግድብ እንደሚመጣ ለሚያውቅ ደስ የሚያሰኝ ስም ነው። ይህን የነገረን ሾፌሩ ነው፤ የወረቀቱ አዘጋጅ እርሱን ቢያማክር ኖሮ አንድ ጥሩ አንቀጽ ባገኘ ነበር።

ምሳ የበላነው ሰንዳፋ ነው። ጥብሱ ትንሽ ጠንክሮ ነበር። ሽሮው የሸኖ ቅቤ የገባበት ነው ተብሏል፤ ሽታውም አላስተባበለም።

የደብረ ብርሃን መንገድ ሚያዝያ 27ን በሌላ ፊቷ ያሳያል። ከ1933ቱ ቀን ልክ አምስት ዓመት አስቀድሞ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ ማርሻል ባዶሊዮ አዲስ አበባ የገባው ከደሴ ተነሥቶ በዚህ በኩል ነው። ንጉሡ ከሦስት ቀን በፊት፣ ሚያዝያ 24፣ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄደው ነበር። ከ1,500 በላይ መኪና የያዘውን የጣልያን ሰልፍ በመንገዱ ላይ ከሰው ይልቅ ያዘገየው ጭቃ ነበር፤ ቢሆንም ጣርማ በር ላይ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ጭምር ሊያግዱት ሞክረዋል። አስጎብኚዋ ይህን የነገረችን የጭነት መኪኖች እየተከታተሉ በሚያልፉበት የመንገድ ጠርዝ ላይ ቆመን ስለነበር ግማሹን አልሰማንም፤ አንዲት የእጅ ድምፅ ማጉያ ብትኖራት ችግሩ አይኖርም ነበር። የሰማነው ግማሽ ግን በቂ ነበር፤ ጠዋት በሰሜን በር የተመለሱትን ንጉሥ አይተን ከሰዓት በኋላ በምሥራቁ በር የገባውን ወራሪ ስናይ፣ አንድ የቀን ስም በአምስት ዓመት ልዩነት እንዴት እንደተገለበጠ በእግራችን ለካነው።

የመጨረሻው ማረፊያ የሰገሌ ጦርነት የተደረገበትን አካባቢ ከመንገድ ላይ ማየት ነበር። እዚህ ላይ ነው ጠዋት የባከነው ጊዜ ዋጋ ያስከፈለን፤ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ፣ ደመናም ከብዶ ስለነበር የቆምነው ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። ከቀኑ ሁሉ ሰፊ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ቦታ ይህ ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል ዕለት፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መሻራቸው ታወጀ፤ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ራስ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽ ተባሉ። የኢያሱ አባት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን አልጋ ሊያስመልሱ ብዙ ሠራዊት አስከትለው ወደ ሸዋ ወረዱ። ቶራ መስክ ላይ የሸዋውን የጦር መሪ ራስ ልዑል ሰገድን ድል አድርገው ገደሉ። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በመላላክ ጊዜ እየገዙ ጦራቸውን እንዳከማቹ ይነገራል። ጥቅምት 17 ቀን፣ ኢያሱ በተሻሩ በወሩ፣ በሰገሌ ሜዳ የሸዋ ጦር አሸነፈ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማርከው ታስረው አዲስ አበባ ገቡ። ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዘውድ ጫኑ። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቀን ያጡት ሰው በሺዎች የሚቆጠር ነበር።

ቆመን ባየንበት የመንገድ ዳር ይህን የሚናገር ታፔላ አላየሁም። አስጎብኚዋ የሁለቱን ጦር አሰላለፍ በዱላ መሬት ላይ ሥላ አሳየችን፤ ከብት የሚነዱ ሁለት ልጆችም ከእኛ ጋር ቆመው አዳመጡ። ወረቀቱ ግን ክፍሉን «የሰገሌ ድል» ብሎ ሰይሞታል። እናታችን የወሎ ሰው ነበረች፤ እኅቴ ያን ርእስ አንብባ፣ «እማዬ ብትኖር ይሄን ድል አትለውም ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ወንድም ከወንድሙ በተዋጋበት ሜዳ ላይ ሰሌዳ የሚያቆም ሰው ከሁሉ በፊት የሚቸገረው በርእሱ ነው፤ አስጎብኚዋ ቀኑን ሙሉ አንድም ጊዜ ድል ሳትል «የሰገሌ ጦርነት» እያለች መናገሯን ያስተዋልሁት ያን ጊዜ ነው። ከጻፉት ሰዎች ይልቅ የምትናገረው ልጅ ጠንቃቃ ነበረች።

ጉዞውን ለሰው እመክራለሁ ወይ ለሚል፣ አዎን፣ በተለይ ከአሥራዎቹ ዕድሜ በላይ ያሉ ልጆች ላሉት ቤተሰብ። ዋጋው ዝቅተኛ ባይሆንም አስጎብኚዋ ከምትሰጠው ማብራሪያ አንጻር የሚያስቆጭ አይደለም፤ ቅሬታዬ ሁሉ የሚያርፈው በሰዓት አከባበሩ፣ በመኪና አቋቋሙና በዚያ ወረቀት ላይ ነው። ድርጅቱ ሰገሌን ጠዋት፣ እንጦጦን ከሰዓት በኋላ ቢያደርግ የተሻለ ይመስለኛል፤ ያኔ የታሪኩም ቅደም ተከተል ከ1909 ወደ 1928፣ ከ1928 ወደ 1933 ይሄዳል፣ ሩቁ ቦታም በጨለማ አይታይም። የሚሄድ ሰው ለእንጦጦ ወፍራም ልብስ ይያዝ፤ ጉልበቱ የሚያመው ከሆነም ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚወስደውን መንገድ ቀስ ብሎ ይሂድ።

ስንመለስ ካራ ላይ የመኪና መጨናነቅ ይዞን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምን። አዛውንቱ የኮስተሩ የውስጥ መብራት እንዲበራላቸው ጠይቀው ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡና ወረቀቱ ላይ ከ1889 አጠገብ «እ.ኤ.አ.» ብለው ጻፉ። እኅቴም ጎንበስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ከኋላው ገጽ ድል የሚለውንም ሰርዘው ጦርነት ይበሉልኝ» አለቻቸው። ሰርዘው ጻፉላትና ወረቀቱን ከፊት ወንበር ለተቀመጠው አስተባባሪ አሳልፈው ሰጡት። እርሱም አጥፎ ኪሱ ከተተው።